ፎርት ቤልቯር ልንዛወር ነው፦ ቤዝ (የጦር ሰፈር) ውስጥ እንግባ ወይስ ውጭ እንከራይ?

የሁለት_ልጆች_እናት፦

ሰላም ወገኖች። ባለቤቴ ሰርጀንት (ኢ-5) ነው። ከፎርት ስቱዋርት፣ ጆርጂያ ወደ ፎርት ቤልቯር፣ ቨርጂኒያ ኦርደር (የዝውውር ትእዛዝ) ወጥቶለት በጁላይ መጀመሪያ ሪፖርት ያደርጋል። ትልቁ ልጃችን ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ይገባል፤ ትንሿ 2 ዓመቷ ነው። ያለን አንድ መኪና ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ መጥታ 5 ወር ያህል ልጆቹን እያየች ትቀመጣለች።

ለእኛ የሚሆነው ባለ 3 መኝታ የቤዝ ቤት ወረፋ አለው፤ ከ3 እስከ 6 ወር ሊፈጅ ይችላል ተብለናል። ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ቢኤኤቹን (ለወታደሩ የሚከፈለውን የቤት አበል) ሙሉውን ሰጥቶ ቤዝ ውስጥ መግባት ይሻላል ወይስ ውጭ ተከራይቶ የተረፈውን መያዝ? ውጭ ተከራይተን ሳለ ተራችን ቢደርስ ሊዙን (የኪራይ ውሉን) ማፍረስ እንችላለን? እናቴስ ቤዝ ውስጥ ብንገባ ትቸገራለች?

ጡረተኛው፦

እህቴ፣ የገንዘቡን ነገር መጀመሪያ እንጨርሰው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ቢኤኤች የሚሰላው ባለቤትሽ በሚሠራበት ቤዝ ዚፕ ኮድ፣ በማዕረጉና ቤተሰብ ያለው በመሆኑ ነው። በምትኖሩበት ሰፈር አይደለም። ሎርተንም ብትከራዩ ስታፎርድ ድረስ ብትወርዱም ያው ብር ነው የሚገባላችሁ። ታክስ አይቆረጥበትም። ተመኑ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይከለሳል፤ ሲወጣም ከአካባቢው የቤት ወጪ 5 በመቶ ያህሉን ወታደሩ ከኪሱ እንዲሸፍን ታስቦ ነው። ስለዚህ «ውጭ ብንከራይ ይተርፈናል» ብሎ መነሳት አይቻልም፤ የሚተርፈው ከአማካዩ ያነሰ ቤት ለመረጠ ሰው ነው።

የቤዝ ቤት ሲባል የመንግሥት ይመስላል እንጂ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት አብዛኛውን የሚያስተዳድሩት የግል ኩባንያዎች ናቸው። ኪራዩ ብዙውን ጊዜ ልክ ቢኤኤቹን ያህል ነው፤ በአሎትመንት ከደሞዝ በቀጥታ ይሄዳል። ውሃ፣ ቆሻሻና የግቢ ሣር አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ አሉ። ስለ መብራቱ ግን ሊዙን አንብቡ፤ ሙሉ በሙሉ ይካተታል ወይስ ከተወሰነ መጠን በላይ ታስከፍላላችሁ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ቁጥር ልስጥሽ። ለስሌት እንዲመች ብቻ ቢኤኤቹ 3,000 ዶላር ነው እንበል (የእናንተን ትክክለኛ ተመን የመከላከያው ቢኤኤች ካልኩሌተር ላይ አውጪው)። ቤዝ ውስጥ 3,000 ይሄዳል፣ ነገሩ በአብዛኛው በዚያው ያልቃል። ውጭ ደግሞ፦ ኪራይ 2,500፣ መብራትና ጋዝ 220፣ ውሃና ፍሳሽ 80፣ የተከራይ ኢንሹራንስ 20። ይህ 2,820 ነው፤ የቀረው 180። አሁን ሁለተኛ መኪና ጨምሪበት። የመኪናው ክፍያ ይቅርና ኢንሹራንሱና ነዳጁ ብቻ 180ውን ይውጠዋል። ባለ አንድ መኪና ቤተሰብ ሂሳቡን ሲሠራ ይህን መስመር ስለሚዘለው ነው ውጭው ሁልጊዜ ርካሽ የሚመስለው።

ወደ ውጭ የሚያደሉ ሁለት ነገሮችም አሉ። ባለቤትሽ ስታፍ ሰርጀንት (ኢ-6) ሲሆን ቢኤኤቹ ይጨምራል፤ ቤዝ ውስጥ በአብዛኛው ኪራዩም አብሮ ይጨምራል፣ እድገቱ ኪሳችሁ ሳይገባ ያልፋል። ውጭ ግን ሊዙ እስኪያልቅ ኪራዩ ያው ስለሆነ ልዩነቱ የእናንተ ነው። ሁለተኛው፣ የአካባቢው ተመን ጃንዋሪ ላይ ቢወርድ እዚያው ቤዝ እስካላችሁ፣ ማዕረጉ እስካልወረደና የቤተሰብ ሁኔታችሁ እስካልተለወጠ ድረስ የድሮው ከፍ ያለው ተመን ይጠበቅላችኋል።

አንድ ወጥመድ፦ በመንገድና በፈቃድ ላይ ሳላችሁ የሚከፈለው የፎርት ስቱዋርት ቢኤኤች ነው። የቤልቯር ተመን የሚጀምረው ሪፖርት ካደረገ በኋላ ነው፣ እሱም ፋይናንስ ካስገባው። በሲስተሙ ውስጥ ለ1 ወይም ለ2 ወር የድሮው ተመን ሊቆይ ይችላል፤ የጎደለው ኋላ ይከፈላል፣ አከራዩ ግን ኋላን አይጠብቅም። ስለዚህ ኢን-ፕሮሰስ (የመግቢያ ምዝገባ) ሲያደርግ የጉዞ ሂሳቡን (ዲዲ ፎርም 1351-2) ሳያሳድር ያስገባ፣ በየወሩ ኤልኢኤሱ (የደሞዝ መግለጫው) ላይ የቢኤኤቹን ዚፕ ኮድ ይመልከት። ዚፑ የጆርጂያ ከሆነ ገና አልተቀየረም ማለት ነው። ለዲፖዚትና ለመጀመሪያ ወር ኪራይ የቅድሚያ ቢኤኤች መጠየቅም ይቻላል፤ ግን ብድር ነው፣ ከደሞዝ ተቀናሽ ሆኖ ይመለሳል።

ሊዝ_አንባቢ፦

ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ውሳኔው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው ብዬ ስለማምን።

አጭሩ መልስ፦ ተራችሁ ስለደረሰ ብቻ ሊዝ ማፍረስ በኤስሲአርኤ (የወታደሮች መብት መጠበቂያ የፌዴራል ሕግ) አይሸፈንም። ሕጉ ቤት ተከራይቶ ሳለ ፒሲኤስ (የቋሚ ዝውውር) ኦርደር የመጣበትን፣ ወይም ከ90 ቀን ላላነሰ ጊዜ ዲፕሎይ የሚያደርግን (ለግዳጅ የሚላክን) ወታደር ነው የሚያወጣው። በፈቃድ ከውጭ ወደ ቤዝ ቤት መግባት ኦርደር አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ በመንግሥት ቤት እንዲገባ ታዝዞ ቢኤኤቹ ለተቋረጠበት ወታደር መውጫ አለው፤ የእናንተ ቢኤኤች ግን አይቋረጥም፣ ወደ ኩባንያው ነው የሚዞረው። በዚያ አንቀጽ ላይ ተስፋ አትጣሉ።

ስለዚህ ሳትፈርሙ በፊት ሊዙ ላይ አንድ መስመር ይጨመርላችሁ። ሐሳቡ፦ «ተከራዩ በፎርት ቤልቯር የቤዝ ቤት ከተሰጠው፣ የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያና የቤት መስጫውን ደብዳቤ በማቅረብ ያለ ቅጣት ሊዙን ማቋረጥ ይችላል።» በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ሁለታችሁም አጠገቡ ፊርማ አኑራችሁበት። «አይዞሽ፣ ያኔ እንነጋገራለን» የሚል የቃል ተስፋ ዋጋ የለውም። አከራዩ እምቢ ካለ የ12 ወሩን ትታችሁ የ6 ወር ወይም በየወሩ የሚታደስ ሊዝ ጠይቁ፤ ኪራዩ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ለመውጣት የሚከፈል ዋጋ ነው።

ፒሲኤስ ሲመጣ ደግሞ ቀኑን ሰው ሁሉ ያበላሻል። ማስታወቂያውን ባስገባችሁበት ቀን አይደለም የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው፤ ከዚያ ቀጥሎ ከሚመጣው የኪራይ መክፈያ ቀን ነው። ኪራይ በወሩ 1 ቀን የሚከፈል ከሆነና ደብዳቤውን ማርች 10 ከሰጣችሁ፣ ቀጣዩ መክፈያ ኤፕሪል 1 ነው፤ ከዚያ 30 ቀን፣ ሊዙ የሚያበቃው ሜይ 1 ነው። ማርች 10ን ትታችሁ ፌብሩዋሪ 27 ሰጥታችሁ ቢሆን አንድ ወር ሙሉ ይተርፋችሁ ነበር። ደብዳቤውን ከኦርደሩ ኮፒ ጋር በእጅ ስጡና ማረጋገጫ ተቀበሉ፣ ወይም በፖስታ ቤት በማረጋገጫ ላኩ። የባለቤትሽ ማቋረጥ አንቺንም ነጻ ያወጣል። ሊዙን ሲያስፈርሙ ግን ለብቻው «የኤስሲአርኤ መብቴን ትቻለሁ» የሚል ገጽ ካመጡ እንዳትፈርሙ።

ወረፋውን በተመለከተ፦ አሁኑኑ ዲዲ ፎርም 1746 ሞልታችሁ ከኦርደሩና ከዲርስ (የወታደር ቤተሰብ መዝገብ) ምዝገባ ማስረጃ ጋር አስገቡ። ባለቤትሽ ቤልቯር ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ካመለከተ በአብዛኛው ተራው የሚቆጠረው ከቀድሞው ቤዝ ከወጣበት ቀን ነው፤ ካለፈ ግን ካመለከተበት ቀን። ይህ ብቻ ተራችሁን በሳምንታት ወደ ፊት ሊያመጣው ይችላል። የቀረበላችሁን ቤት እምቢ ብትሉ ወረፋው ላይ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ወደ መጨረሻ የሚወርድበት ቦታ አለ።

የትኛውንም የውጭ ሊዝ ከመፈረማችሁ በፊት የቤዙ ሃውሲንግ ሰርቪስ ቢሮ ያንብበው፤ በነጻ ነው። እዚያው ሳላችሁ ስለ ሬንታል ፓርትነርሺፕ ፕሮግራም ጠይቁ፤ በዚህ የገቡ አከራዮች ዲፖዚት ይተዋሉ ወይም ይቀንሳሉ። በቨርጂኒያ ዲፖዚት ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ከወጣችሁ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰሞኑን በየቦታው ስለሚታይ፦ ፌስቡክ ላይ ፎቶው ያማረ፣ ኪራዩ የረከሰ፣ ባለቤቱ «ከአገር ውጭ ነኝ፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ዲፖዚት ላኪና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ማጭበርበሪያ ነው። የፌርፋክስ ካውንቲ የንብረት መዝገብ ኦንላይን በአድራሻ ይፈለጋል፤ የባለቤቱ ስም ከሚያዋውላችሁ ሰው ስም ጋር ካልገጠመ ተዉት።

ቁልፍ_ያዥ፦

ገንዘቡና ሊዙ ተነግሯል፤ የቤቱን ነገር ልናገር። የ2 ዓመት ልጅ ላለው ሰው የቤዙ ቤት የተሠራበት ዓመት ከመኝታ ብዛቱ ይቀድማል። ቤልቯር ውስጥ አዳዲስ መንደሮችም፣ ታሪካዊ ተብለው የተመዘገቡ የድሮ ቤቶችም አሉ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የእርሳስ ቀለም ሊኖርበት ይችላል፤ ሲቀርብላችሁ መግለጫ መስጠት ግዴታቸው ነው። ቀለሙ ተደራርቦ ተቀብቶ ደህና ሆኖ ሳለ ችግሩ ትንሽ ነው። ችግር የሚጀምረው እንጨት ከእንጨት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ነው፦ ወደ ላይ የሚከፈት መስኮት ሐዲድ፣ የበር ጠርዝ፣ የደረጃ ጥግ። ክፈቱና ዝጉት፤ ታችኛው የመስኮት ደፍ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም የተላጠ ቅርፊት ካያችሁ አትፈርሙ። የ2 ዓመት ልጅ መስኮት ስር ትቆማለች፣ እጇን ደፉ ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል።

ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን የ7 ዓመት የጥገና ታሪክ ጠይቁ፤ የቤዝ ተከራዮች የመብት ሰነድ የሚሰጣችሁ መብት ነው (በውስጡ 18 መብቶች አሉ)። ሲሰጧችሁ ተደጋጋሚውን ፈልጉ። አንድ ጊዜ የተጠገነ ቧንቧ ምንም አይደለም። በ3 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ «ሻጋታ ተጠርጓል» የሚል ካለ ግን የሚጠርጉት ሻጋታውን እንጂ የውሃውን ምንጭ አይደለም።

ቤቱን ስታዩ ስልካችሁን መብራት አድርጋችሁ ከእቃ ማጠቢያው ስር ግቡ፤ የቁም ሳጥኑን ወለል በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ ከሰመጠ እርጥብ ነው። የማሞቂያና ማቀዝቀዣው ማሽን ያለበትን በር ክፈቱ፦ ፊልተሩ ጠቁሯል? ከስሩ ያለው የውሃ መቀበያ ውሃ አቁሯል? ብዙ ሻጋታ ከዚህ ነው የሚነሳው፤ የመቀበያው ቱቦ ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይፈሳል። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወሎቹን ተጫኑ። ሁሉንም በቪዲዮ፣ ቀኑ እየታየ።

ከገባችሁ በኋላ ለሚበላሽ ነገር በቃል አትንገሩ፤ የሥራ ትእዛዝ ቁጥር ይኑረው። ካልተሠራ ወደ ማኔጀሩ፣ ከዚያ ወደ ጦሩ የቤቶች ቢሮ፣ እዚያ ካለው የተከራይ ጠበቃ (ቴናንት አድቮኬት) ጋር፣ ከዚያም ወደ መደበኛው የክርክር ሂደት። ክርክር ሲከፈት ኪራዩ ለኩባንያው ሳይለቀቅ ተለይቶ እንዲያዝ መጠየቅ ይቻላል። በደረጃው መሄድ ይሰለቻል፣ ግን ደረጃ የዘለለ ፋይል ተመልሶ ከታች ነው የሚጀምረው።

የግል ዕቃችሁ የቤዙ ኪራይ ውስጥ ኢንሹራንስ አለው ብላችሁ አታስቡ፤ የተከራይ ኢንሹራንስ በራሳችሁ ግዙ።

ውጭ ብትከራዩም ይህን አትርሱ፦ በቨርጂኒያ አከራዩ ከገባችሁ በ5 ቀን ውስጥ የቤቱን ሁኔታ በጽሑፍ ይሰጣል፤ እናንተ ከደረሳችሁ በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወማችሁ የተጻፈው ትክክል ነው ተብሎ ይያዛል። ምንጣፉ ላይ ያለው የድሮ እድፍ ስትወጡ የእናንተ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ሐበሻ_በሰሜን_ቨርጂኒያ፦

ስለ እማማ፦ ቤዝ ውስጥ መኖር ይቻላል፣ ግን አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ሁለት ቦታ ይያዛል።

አንደኛው ሊዙ ነው። የቤዝ ሊዞች እንግዳ የሚያድርበትን ቀን ይገድባሉ፤ 30 ቀን የተለመደ ነው። ለ5 ወር የጽሑፍ ፈቃድ ከማኔጅመንቱ ያስፈልጋል፣ ከመምጣቷ በፊት ጠይቁ። ሁለተኛው በሩ ነው። የመከላከያ መታወቂያ የሌለው ሰው በቪዚተር ኮንትሮል ሴንተር ተመዝግቦ ተጣርቶ ነው ፓስ የሚያገኘው፤ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነች እናት ደግሞ ፓስፖርቷንና ቪዛዋን ይዛ በባለቤትሽ ስፖንሰርነት ነው። ፓሱ ለስንት ቀን እንደሚሰጥና ብቻዋን ገብታ መውጣት ትችል እንደሆነ የሚወስነው ቤዙ ነው፤ ኦርደሩ በእጃችሁ ሳለ ደውላችሁ ጠይቁ። ፓሱ ካለፈበት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚያመጣት ሰው በር ላይ ይቆማል። ለክርስትናና ለልደት ብዙ እንግዳ የምትጠሩ ከሆነም የስም ዝርዝር ቀደም ብሎ ማስገባትን የለመደ ሰው መሆን ያስፈልጋል። በዚህ በኩል ብቻ ብታዪው ውጭ ይቀላል።

ምጣዱን ግን አትፍሩ፤ የኤሌክትሪክ ከሆነ የትም ይሠራል። የጭስ ደወሉ ስር ብቻ አታስቀምጡት። የከሰል ምድጃ ለቡናም ቢሆን ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጉዳይ ነው።

ትምህርት ቤቱ፦ ፎርት ስቱዋርት ያለው የመከላከያ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ቤዝ ውስጥ ለሚኖር ልጅ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ለትምህርት ብሎ ቤዝ ይገባል። ቤልቯር ላይ ይህ ምክንያት አይሠራም። ቤዙ ውስጥ ያሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የፌርፋክስ ካውንቲ ናቸው፤ ውጭ በካውንቲው ብትከራዩም ያው ካውንቲ ነው፣ የሚለያየው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚደርሳችሁ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አድራሻውን በካውንቲው የትምህርት ቤት ወሰን ፍለጋ ላይ አስገቡት። ለምዝገባ የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የመኖሪያ ማስረጃ (ሊዙ ይበቃል)፣ እና ባለፉት 12 ወራት የተደረገ የሕክምና ምርመራ በቨርጂኒያ ፎርም ላይ ያስፈልጋል። ምርመራውን ከጆርጂያ ሳትወጡ አስጨርሱት፤ ኦገስት ላይ ቀጠሮ ማግኘት ሌላ ወረፋ ነው።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከኦኮኳን ወንዝ ወዲህና ወዲያ ሁለት የተለያየ ኑሮ ነው። ውድብሪጅ ኪራይ ይረክሳል፣ የራሳችን ሰው፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን በብዛት አለ፤ ግን ጠዋት ሰሜን የሚሄደው አብዛኛው ሰው ወንዙን የሚሻገረው በአይ-95ና በሩት 1 ድልድዮች ስለሆነ እዚያ ይታነቃል። ሎርተንና በሩት 1 ዳር ያለው አሌክሳንድሪያ ከወንዙ ወዲህ ናቸው። ፒቲ (የጠዋት ስፖርት) ለማድረስ ጠዋት 5:30 (በአሜሪካ ሰዓት) የሚወጣ ሰው ብዙም አይነካውም፤ 7:30 ልጅ አድርሶ መኪናውን ለሚስት የሚመልስ ባለ አንድ መኪና ሰው ግን ይነካዋል። የምትመርጡትን ቤት በሚሄድበት ትክክለኛ ሰዓት በስልክ ካርታ ሦስት የሥራ ቀን እዩት፤ እሑድ ከሰዓት የሚያሳያችሁ ደቂቃ ውሸት ነው።

ቨርጂኒያ በመኪና ላይ ዓመታዊ የንብረት ግብር አለ። ባለቤትሽ የሌላ ስቴት ነዋሪ ሆኖ እዚህ በኦርደር ብቻ ካለ ነጻ ነው፤ ግን ራሱ አይነሳም፣ ኤልኢኤሱን አያይዞ ለካውንቲው ማመልከት አለበት።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ። የገባኝ፦ ወረፋው ላይ እንመዘገባለን፣ እስከዚያው የ6 ወር ሊዝ ከዚያች መስመር ጋር። ግን ዕቃችንስ? ሁለት ጊዜ ልንጭን ነው?

ሊዝ_አንባቢ፦

ሁለተኛውን ጉዞ ጦሩ ይከፍላል ብላችሁ አትተማመኑ። ከውጭ ወደ ቤዝ በፈቃድ መዛወር ብዙውን ጊዜ በራስ ወጪ ነው፤ ትራንስፖርቴሽን ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን ያዙ። ዕቃው ሲደርስ ግን ወዲያው ማውረድ የለባችሁም። በመንግሥት ወጪ 90 ቀን ድረስ መጋዘን መቆየት ይችላል፤ ማራዘምም ይጠየቃል፣ ከመሙላቱ በፊት። ወረፋው ወደ 3 ወር የሚጠጋ ከሆነ ለዚያ ጊዜ ዕቃ ያለው አነስተኛ ቤት በየወሩ ተከራዩ፣ ትልቁ ዕቃ መጋዘን ይቆይ፣ አንዴ ብቻ ይውረድ። ወደ 6 ወር የሚጠጋ ከሆነ ይህ መንገድ አያዋጣም፤ ሊዙን ለ12 ወር አድርጉትና ከተራው ውጡ፣ ወይም እናትሽ እስክትመለስ ውጭ ቆዩ።

ሂሳቡን ለመወሰን የቤቶች ቢሮው ዛሬ ያለውን የወረፋ ቁጥራችሁን ይንገራችሁ፤ «ከ3 እስከ 6 ወር» ቁጥር አይደለም። ባለፉት 3 ወራት ባለ 3 መኝታ ለኢ-5 ስንት እንደሰጡ ጠይቁ፤ ያንን ለ3 አካፍላችሁ የወሩን አውጡ፣ ከዚያ የወረፋ ቁጥራችሁን ለእሱ አካፍሉ፤ የሚወጣው የምትጠብቁት ወር ነው።

ጡረተኛው፦

ጫኚዎቹ ሳይመጡ፣ መጋዘን የሚገባውንና የማይገባውን በተለያየ ክፍል አስቀምጡና በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። ያለዚያ ያዩትን ሁሉ ነው የሚያሽጉት። ኦርደሩ ቢያንስ 10 ኮፒ፣ የክትባት ካርዶች፣ የትምህርት ቤቱ የምርመራ ፎርም፣ የእናትሽ የቪዛ ወረቀት ከእናንተ ጋር በመኪናው ይሂዱ። ምጣዱም። መጋዘን የገባ ካርቶን መሃል ላይ ክፈቱልኝ ቢባል በቀላሉ አይከፈትም።